ዓይንሽን ስበሪ

«ዓይንሽን ስበሪ» አሉ የሟች አክስት ሙሶንዳ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባሏ የሞተባት ሴት እንግዳ ፊት ለፊት አታይም።»

ንካንዱ ቀና እንዳለች ወደ በሩ ተመለከተች። ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ባዶ በቀረው ክፍል ሴቶቹ ወለሉ ላይ በተነጠፉት ፍራሾች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ውጪ እሳት ከበው ከመዳብ ማዕድን ማውጫው የመጡትን የሟቹን የቺሺምባን የሥራ ጓደኞች ይቀበላሉ። ቺሺምባ እዚያው ሥራው ላይ ደረቱን ይዞ እንደወደቀ አልተነሣም። ሬሳው ነገ ከሆስፒታል ይመጣል።

አንዲት የገበያ ጓደኛዋ ገብታ ተንበረከከች። ንካንዱ እጇን ይዛ ዓይን ዓይኗን እያየች «መጣሽልኝ» አለቻት። ተያይዘው አለቀሱ።

ከወደ ጥግ ሹክሹክታው ቀጠለ።

«ዓይኗን አቅንታ ዓይን አውጣ ሆና ቀረች።»

«ለማን ብላ ነው ያቀናችው? እሱ እንደሆነ እንዲሁ አግብቷታል።»

«እግዜር የሠራውን ነካክታ፣ ይኸው ዓመት ሳይሞላ ባሏን በላች።»

ንካንዱ ሰማች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሸውራራ ነበረች። ተማሪ ቤት አንድ ነገር ስትናገር «እኔን ነው ወይስ ግድግዳውን?» ይሏታል። አድጋ ቲማቲም መሸጥ ስትጀምርም «ምን ልስጥሽ እህቴ?» ባለች ቁጥር ገዢዋ ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመውን ሰው ትፈልጋለች። በዚህ የተነሣ መሬት መሬት እያየች መሸጥ ለመደች። መሬት እያየች ዘመረች፣ መሬት እያየች ተዳረች።

ቀዶ ሕክምና እንዲህ ያለውን ዓይን እንደሚያቀና የሰማች ጊዜ ቺሺምባ አልወደደላትም።

«እኔ እንዲሁ ነው የወደድኩሽ።»

«አንተማ ወደድከኝ። ገበያ የምውለው ግን እኔ ነኝ።»

«ብትታወሪስ?»

«መሬት ከማየት ሌላ ምን ይቀርብኛል?»

ተኮራርፈው አደሩ፤ ጠዋት ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፈረች። ከሰመመኑ ስትነቃ ግን ቺሺምባ የደረቀ ዓሣና ገንፎ በሳህን ይዞ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጧል። ፀጉሩን ተስተካክሏል።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አለችው።

«በደንብ ልታዪኝ አይደል እንዴ።»

መጀመሪያ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ታያት። ዓይኗ ቀልቶ ከረመ፤ ጠብታውን ማታ ማታ የሚያደርግላት እሱ ነበር። ወደ ገበያ በተመለሰች ዕለት «ምን ልስጥሽ እህቴ?» ስትል ገዢዋ ወደ ኋላ አልዞረችም። «ቲማቲም» ብላ ብቻ መለሰችላት። ንካንዱ ሴትየዋ እስክትሄድ ታግሣ አለቀሰች። ለቺሺምባ ስትነግረው «እንግዲህ ስትቆጪኝ መሸሻ የለኝም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በመዘምራኑ መካከል የፊተኛው ረድፍ ላይ ቆመች። ገበያው ውስጥ ቦታዋን ሊወስድባት የመጣውን ጎረምሳም ዓይኑን እያየች አሳፍራ መለሰችው።

በለቅሶው ማግስት የቺሺምባ ሬሳ በሳጥን ከሆስፒታል መጥቶ ክዳኑ ተከፈተ። ሙሶንዳ የንካንዱን የራስ ጨርቅ እስከ አፍንጫዋ ጎትተው አወረዱት።

«ዝቅ ብለሽ እለፊ። እሱን የበላው ይህ ዓይን ነው።»

ንካንዱ ጨርቁን ከፊቷ ገፋችው።

«አክስቴ፣ ልቡ ነው የገደለው። ሐኪሙ ሲናገር እርስዎም ነበሩ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «መሬት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ባሌን ቀና ብዬ ያየሁት ግን ገና ዓመት አይሞላም። አልጠገብኩትም። ዛሬ ማንም አይከለክለኝም።»

ሙሶንዳ አንድ ሰው እንዲያግዛቸው ዙሪያውን ቃኙ። ከፍራሹ የተነሣ ግን አልነበረም። ንካንዱ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አየችው፤ ቅንድቡን፣ ግራ ጉንጩ ላይ ምላጭ የሳተውን ጢም፣ የተከደነውን ዓይኑን። እንባዋ ይወርዳል፤ እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ፊታቸውን ተከናንበው የነበሩት የቺሺምባ እናት ከፍራሹ ተነሡ። መከናነቢያቸውን ወደ ትከሻቸው አወረዱ።

«ጠጋ በይልኝ ልጄ» አሏት። «እኔም ልየው።»

ንካንዱ ጠጋ አለችላቸው። የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ ወገን ታጥፎ ነበር። እጇን ሰደደችና አቀናችው።