በአቢጊያ ቦርሳ ውስጥ የተገኘው ፒፓ

ዓለምነሽ ቅዳሜ ጠዋት የልጇን ቦርሳ የከፈተችው የምሳ ዕቃዋን አውጥታ ልታጥብላት ነበር። እጇ ላይ የወጣው ግን ፒፓ ነው። ከእንጨት የተሠራ፣ መጉረሻው ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት፤ ስታሸተው ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

አቢጊያ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ስታወራ ትሰማለች፤ ምን ሆነሽ ስትባል መልሷ «ምንም» ብቻ ነው። አሁን ሻወር ቤት ናት፤ የውሃው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል። እንግዲህ ሰው እንዲህ ሲሆን ልጁን ይጠይቃል። ዓለምነሽ ግን ስልኳን አነሳች።

የቤተ ክርስቲያናቸው እህቶች የጸሎት ግሩፕ አላቸው። የጉልበት ሕመም ይሁን የግሪን ካርድ ጉዳይ፣ ሁሉም ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው። አቢጊያዬ ሱስ ውስጥ ገብታብኛለችና በጸሎት አስቡኝ ብላ ላከች። አሜኑ ወዲያው ይዘንብ ጀመር።

አቢጊያ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ስትወጣ ፒፓውን በእናቷ እጅ አየችና ሳቀች።

«ማሚ፣ ለትምህርት ቤት ድራማ ነው እኮ። ኮልፋክስ መንገድ ላይ ካለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት። ወንጀሉን የሚመረምረው ዲቴክቲቭ እኔ ነኝ።»

ከዚያ አፏ ላይ ሰካችውና ቅንድቧን ሰብስባ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች። ድራማው ላይ ሌላው ሁሉ ገና ሬሳው ሳይነሳ አትክልተኛውን ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ ይላል፤ የእሷ ሰውዬ ግን ፒፓውን አጭሶ፣ አስቦ ሳይጨርስ በማንም ላይ ጣቱን አይቀስርም። ዓለምነሽ ነፍሷ መለስ አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ስልኩ ትዝ አላት።

ጀርባዋን አዙራ መልእክቷን አጠፋች። የሰዎቹን መልስ ግን ማጥፋት አልቻለችም። ይባስ ብሎ የግሩፑ መሪ የፀዳል ልጅ፣ እምነት፣ እዚያው ድራማ ላይ አትክልተኛውን ሆና ትጫወታለች። የአቢጊያ ስልክ ጮኸ፤ የጻፈችላት እምነት ናት። አቢጊያ አነበበችው፤ ፒፓውን ከአፏ አወጣች።

«ሱስ አለባት ብለሽ ነገርሻቸው?»

ዓለምነሽ ፈርታ እንደሆነ ተናገረች። አሁኑኑ ለሁሉም ተሳስቻለሁ ብላ እንደምትጽፍም ጨመረች። አቢጊያ ፒፓውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

«ማሚ፣ እዚህ ነበርኩ እኮ። በሩን ብታንኳኪ እሰማሽ ነበር።»