ላቡ ያልደረቀ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ሰዓት ሠሪው ሚስቱ በስልክ ስትስቅ ሰማ። ደቂቃው ሳይቀር የያዘው በሥራ ልማድ ነው፤ ማንኛውም ነገር ሲሆን ዓይኑ ቀድሞ ወደ ክንዱ ይሮጣል። ሳቁ የመጣው ለእናቷ ከሚያድሱት ክፍል ነበር።

እናቷ ወንድሟ ዘንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ካለ፣ ደረታቸውም ማፈን ከጀመረ ወዲህ ሰማይና ምድር መካከል ተሰቅለው ቀርተዋል። «የኔ ቤት ደረጃ የለውም፤ እማዬ እኔ ጋ መጥታ ደጅ ትቀመጣለች፣ ሰው ታያለች» ብላ ሚስቱ ቆርጣ ተነሣች። ክፍሏ ግን ለጤነኛም አትሆንም ነበር። በዚያ አገር ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ፀሐዩ ደግሞ መልሶ ያተነዋል፤ በመሀል ያለው ቤት ይቀቀላል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሻጋታ ለብሷል፣ ኮርኒሱን ምስጥ ጨርሶታል።

አሮጌውን ልስን ያረገፉት ባልና ሚስቱ ራሳቸው ናቸው። እሷ ከትምህርት ቤት የጸሐፊነት ሥራዋ፣ እሱ ከሰዓት ማደሻ ሱቁ ሲመለሱ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋቁ። አቧራ ለብሰው እየተያዩ ይሳሳቁ ነበር። ለእሱ ያ ጊዜ ሁለተኛ ሠርጉ ነው። ከዚያ ለሳኙ መጣ፤ ሠርጉም አበቃ።

ለሳኙ ሱሪው በሲሚንቶ የደረቀ፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር፣ ከልስን እስከ ቀለም ብቻውን የሚጨርስ ሰው ነው። ሚስቲቱ ሁሉን እሱን ትጠይቃለች። «አልጋው በየት በኩል ይሁን? ምን ትላለህ ወንድሜ?» «መስኮቱን ላስፋው? ምን ትላለህ?» ሰዓት ሠሪው በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ተጠይቆ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አንድም ቀን ትዝ አላለውም።

ለሳኙ አንድ የማይለውጠው ዘዴ ነበረው። ልስኑ ካለቀ በኋላ ማታ ላይ አንድ ነጭ ፌስታል ቀድዶ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፋል። ጠዋት ፌስታሉ በውስጥ በኩል ውኃ ካንጠባጠበ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም አይነካውም። «ፌስታል አይዋሽም፤ ላቡን ይጨርስ» ብሎ ጠዋት ጠዋት አይታ እንድትደውልለት አደራ ሰጥቷት ሄደ።

«ዛሬም አልቦታል!» ትላለች በየማለዳው። ከወዲያ ምን እንደሚባል እንጃ፣ እሷ ከት ብላ ትስቃለች። በዚያ ማክሰኞ ሰዓት ሠሪው አላስቻለውም።

«ምን አለሽ?»

«ማን?»

«ለሳኙ ነዋ!»

«ግድግዳሽ ፈተና ሊቀመጥ ነው እንዴ እንዲህ የሚያልበው አለኝ።»

«ይኼ ነው ሰባት ደቂቃ የሚያስቅ?»

«አንተ ደግሞ! ቆመህ ስትቆጥር ነበር?»

ሐሙስ ዕለት ከእሷ ቀድሞ ተነሣ። ፌስታሉ እንደ ወትሮው ውኃ አቁሯል። ፕላስተሩን በጥፍሩ ላላ አደረገ፣ ፌስታሉን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ግድግዳውንም አበሰ፣ መልሶም ለጠፈው። እጁ ከፀጉር የቀጠነ ብሎን የለመደ ነው፤ ተነካ የሚል ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ቀን የቆየ ግድግዳ ጥቂት እርጥበት ምን ያደርገዋል? ሰውዬው ቅዳሜ ይጨርሳል፣ ይሄዳል፣ አለቀ።

«ና! ና እይልኝ! ደረቀ!» አለች ሚስቱ፣ አንገቱ ላይም ተጠመጠመች። ደስ አለው።

ለሳኙ መጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፤ ጉንጩንም አስጠጋ።

«እህቴ፣ ፌስታሉ ደረቅ ነኝ ይላል፤ መዳፌ ደግሞ እርጥብ ነው ይለኛል።»

«ፌስታል አይዋሽም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ብያለሁ።» ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ደርቋል» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ግድግዳውን ሳይነካ።

ክፍሏ በሁለት ቀን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ለበሰች። እናትየው በሚቀጥለው እሑድ ሊመጡ ተቀጠረ። እሑዱ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ላይ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ተነፋ። ለሳኙ ተጠርቶ መጣና አንዱን እብጠት በጣቱ ሲጫነው ውኃው እየተንቆረቆረ ወረደ።

«ደረቷ የሚያፍናትን እናቴን እዚህ ውስጥ ላስተኛት? ንገረኝ እስቲ!» ጮኸችበት።

«ጥፋቱ የኔ ነው እህቴ። እጄን ትቼ ፌስታል አመንኩ። ፍቄ፣ አድርቄ፣ እንደገና በነፃ እሠራዋለሁ።»

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ቆሟል። ለአፍታ ያህል ሚስቱ በሰውዬው ላይ ስትቆጣ ማየቱ ጣፈጠው እንኳ። ግን ቁጣዋ አልቆየም፤ አሳዘናትና በገዛ እጇ ቀዝቃዛ ውኃ ቀድታ አቀረበችለት። ሰዓት ሠሪው ያን ጊዜ በገነ። ሊያባርረው ያሰበውን ሰው በራሱ ተንኮል መልሶ ለሦስት ሳምንት ቤቱ አስገባው።

ሚስቱ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።»

«እኔ እንደሆነ ሮጬ አላመልጥሽ» አሉ እናትየው እያለከለኩ። «ሻንጣዬን ዘግቼ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ወንድምሽ በወጣ በገባ ቁጥር ይደናቀፍበታል።»

ከዚያ ስልክ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወንድሟ ደወለ። እናትየው እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈዋል።

ከቀብር በኋላ ለሳኙ ሊያጽናናቸው መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥ አለ።

«እህቴ፣ እኔ ባልቸኩል ኖሮ ክፍላቸው ይገቡ ነበር። ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አለና አለቀሰ።

ሰዓት ሠሪው ያልሠራውን ጥፋት የተሸከመውን ሰው አየ፤ ከዚያ በላይ መቻል አቃተው።

«ፌስታሉን የጠረግኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሚስቱ ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ውኃ ነበረበት። ጠረግኩት።»

«ለምን?»

«ቶሎ ጨርሶ እንዲሄድልኝ።»

ለሳኙ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እንዴ ጋሼ! እኔ እኮ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር የማይዎት» አለና ወጣ።

ሚስቱ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ሰባት ደቂቃ ስለ ሳቅሁ ነው እናቴ እዚያ ፎቅ ላይ የቀረችው?» አለችው።

በማግስቱ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ አራት ወር ቆይታ ተመለሰች። ለሳኙ ተመልሶ አልመጣም፤ ተፍቆ የቀረውን ክፍል ለስኖ የቀባው ሰዓት ሠሪው ራሱ ነው። እሷም እዚያ ክፍል ገባች። ከስድስት ዓመት በኋላ እሱ እስኪሞት ድረስ በአንድ ገበታ ይበሉ ነበር፤ የሚያድሩት ግን ለየብቻ ነበር።