ያዘው

የእህቱ ባል የቆርቆሮውን አጥር ተንጠላጥሎ ወደ ውጭ ሲወድቅ ዔሊ የጓሮውን በር ገና እየገፋ ነበር። ለእህቱ ልጆች ያመጣው ጉበት በላስቲክ ተቋጥሮ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ወጥ ቤቱን አየ። እህቱ ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋድማለች፤ ቀሚሷ ከወገቧ በታች በደም ርሷል። እናታቸው ተንበርክካ በአንድ እጇ የልጇን ሆድ ተጭናለች፣ በሌላው ፎጣ ጨብጣለች። የሽንኩርት ቢላዋው ከምድጃው ሥር ወድቋል።

"ያዘው!" አለች እናቱ። "ምን ይገትርሃል? ያዘው እንጂ!"

ጉበቱ የት እንደወደቀ አያውቅም። አጥሩን መቼ እንደዘለለውም አያውቅም። ራሱን ያገኘው ኋለኛው መንገድ ላይ፣ እየሮጠ ነው።

ዔሊ የቄራ ሰው ነው፣ ቆዳ ገፋፊ። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ አላጠፉም። ሲበላ ቀስ፣ ሲያወራ ቀስ፣ ቀልድ ሲነገር እንኳ የሚስቀው ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ነገር ግን በሬ ገመድ በጥሶ ከግቢ ባመለጠ ቁጥር "ዔሊን ጥሩት" ይባላል። ሌሎቹ እንደ ጉድ ይፈተለኩና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጉልበታቸውን ደግፈው ሲያስሉ ይገኛሉ። እሱ ዱብ ዱብ ይላል። በሬው ይሸሻል፣ ቆሞ ዞር ሲል ዔሊ እየመጣ ነው። እንደገና ይሸሻል፣ አሁንም ዔሊ እየመጣ ነው። መጨረሻ ላይ ምላሱን ጥሎ ይቆምና አርፎ ይታሰራል።

የእህቱ ባል ደግሞ ጥይት ነው የሚባለው። የሰፈሩ ቡድን የክንፍ ተጫዋች በነበረበት ዘመን የወጣለት ስም ነው፤ ኳስ ይዞ ሲነሳ የደረሰበት ተከላካይ የለም። እንግዲህ ዛሬ ዔሊ ጥይትን ያባርራል። በደህናው ቀን ቢሆን ሰፈርተኛው በሳቅ ይሞት ነበር።

ግን ደህና ቀን አይደለም። የዔሊ ዓይን ደም ለብሷል። ሊስለው ከቄራ ይዞት የወጣው የሥራ ቢላዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀበቶው ውስጥ ተሰክቷል። አንዴ "ሌባ!" ብሎ ቢጮህ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያስቆምለት ነበር። አልጮኸም። ሰው እንዲያስቆምለት መች ፈለገና! ለራሱ ነው የፈለገው፣ በገዛ እጁ። እህቱ ያ ሰውዬ ዳግመኛ እጁን ቢያነሳባት የበሩን ቁልፍ እንደምታስለውጥ ነግራው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አስለወጠች፤ ቀትር ላይ በጓሮ ገብቶ ቢላዋ ሰካባት። ለዚህ ምን ሽምግልና ይገኝለታል?

ጥይት በመጀመሪያው መታጠፊያ ከዓይኑ ተሰወረ። ዔሊ አልደነገጠም። ሁልጊዜም የሚጀምረው እንዲህ ነው። የመንገደኛው አንገት ወዴት እንደዞረ እያየ ተከተለው። አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ጥይት ሚኒባስ ሊሳፈር ሲታገል አየው፤ ረዳቱ ደም የነካውን የሰውዬውን እጅ አየና በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋበት። ጥይት ዘወር አለ፣ ዔሊን አየ፣ እግሬ አውጪኝ አለ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ አስፋልቱ ከሥር፣ እሷ ከላይ ይጠብሳሉ። የዔሊ ካናቴራ ደረቱ ላይ ተጣብቋል፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ነፋስ ሲነካው ደስ ይላል። እንዲህ ባለ ሰዓት ደስ ማለቱ ራሱን አስጠላው።

ይህን ነገር ያስረዳችው እሷ ናት። እህቱ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ አንድ እሑድ ልጆቿ "አጎቴ ዔሊ" እያሉ ሲስቁበት ሰማቻቸውና አስቀምጣ አስተማረቻቸው። በፍጥነት ከሆነ ሰው ምስኪን ነው አለች፣ የጎረቤት ውሻም ይቀድመዋል። ግን ፀጉራም እንስሳ ሲጋልብ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ለመቀዝቀዝ ማለክለክ አለበት፣ እየጋለበ ደግሞ እንደ ልቡ ማለክለክ አይችልም፤ መቆም ግድ ይለዋል። ሰው ግን ፀጉሩን አራግፎ ላብ በላብ ሆነ፤ ላቡ ቆዳው ላይ ሲደርቅ እየሮጠም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የጥንቱ ሰው ቀስት እንኳ ሳይኖረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አጋዘኑን ከጥላ ጥላ እያስነሳ ዋለ ይላሉ አጥኚዎቹ፤ ወድቆ እስኪጠብቀው ድረስ። እኛ የነዚያ ሰዎች ልጆች ነን አለች።

"መቀመጫ የተባለው ለመቀመጥ የተሰጣችሁ ይመስላችኋል? ስትሮጡ በአፍንጫችሁ እንዳትተከሉ የሚይዛችሁ እሱ ነው!" ስትላቸው ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። "ሰው ሁሉ ላብ አደር ነው። አጎታችሁ ደግሞ አለቃቸው ነው።"

ዔሊ ያን ቀን ቀስ ብሎ፣ ሁሉም ስቀው ከጨረሱ በኋላ ሳቀ።

መኪና እጥበቱ ጋ ደረሰበት። ጥይት የውኃውን ጎማ ከአጣቢው ነጥቆ ወደ አፉ ደቅኗል። አንድ ጉንጭ ሳይውጥ ዔሊ በርግጫ ጎኑን አለው። ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ወደቁ። ጥይት እጁ የገባውን የጎማ መፍቻ አንስቶ ዔሊን ቅንድቡ ላይ ደለቀው፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው። ዔሊ ሳያይ በቡጢ አገኘው፣ ጥርስ ከቡጢው ሥር ሲነቀል ተሰማው። ጥይት ክንዱን ነከሰው፣ በጉልበቱ ብልቱን መታው፣ ተነስቶ ሮጠ። አጣቢዎቹ መኪና ላይ ወጥተው ያያሉ። አንዱ ለፖሊስ እየደወለ መሆኑን ነገረው። ዔሊ ዓይኑን በጎማው ውኃ አጠበ፣ ጠጣ፣ ተነሳ፤ ዱብ ዱብ።

ያኔ ነው ጃኬቱን ልብ ያለው። ጥይት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቶ። በዚህ ሐሩር! ለምን አያወልቀውም? ወፈፌ ነው እንዴ? ከዚያ ገባው። ከሥር ያለው ሸሚዝ የእህቱን ደም ጠጥቷል። በመንገደኛ መካከል ያን ሸሚዝ አሳይቶ የሚያልፍ ሰው የለም። ሰውዬው ላብ አለው፣ ግን ላቡ መውጫ የለውም። ዔሊ ቀኑን ሙሉ ቆዳ የሚገፍ ሰው ነው፤ ቆዳ ሥር ምን ያህል እሳት እንዳለ፣ ሲገፈፍ እንዴት እንደሚተን፣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብቻ እንዳያርፍ ማድረግ ነው።

አላሳረፈውም። ከከባድ መኪኖች ማቆሚያ፣ ጎማ ሥር ከተጋደመበት አስነሳው። ከድልድይ ሥር አስነሳው። ከግንብ ጥግ ድንጋይ እየወረወረ አስነሳው። በእያንዳንዱ ጊዜ ጥይት የሚሮጠው መንገድ ያጥራል፣ የሚያርፍበት ይረዝማል። ቤቶቹ እየሳሱ መጡ፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራ ተጀመረ፣ ሰው ጠፋ። ከፊት ለፊት የድንጋይ ማውጫው ካባ ብቻ ቀረ። ጥይት እዚህ ጃኬቱን ማውለቅ ይችል ነበር፤ የሚያየው የለም። ግን ዚፑን የሚፈልጉት ጣቶች አልታዘዙትም።

ዔሊ እዚያው አቧራ መንገድ ላይ፣ ጸጥ ሲል፣ የእናቱ ድምፅ መጣበት። ያዘው። ምን ይገትርሃል፣ ያዘው እንጂ። ድምፁ ብቻ ሳይሆን እጇም ታየው። የተዘረጋው እጅ ወደ አጥሩ አልነበረም። ወደ እሱ ነበር። ፎጣውን ነበር የዘረጋችለት።

ፎጣውን ያዘው ነበር ያለችው።

ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ እጅ፣ አንድ ጠንካራ እጅ ፈልጋ ነው፤ እሱ ቁስሉን ይዞላት እሷ ሰው ልትጠራ። እሱ ደግሞ የመሰለውን ሰምቶ በአጥር ዘለለ። አሮጊት ሴት ብቻዋን፣ በአንድ እጇ! ይመለስ? ጎረቤት መጥቶ ይሆናል፣ ሐኪም ቤት ደርሰው ይሆናል። አልያም... መመለስ ፈራ። ከጎማ መፍቻው በላይ ፈራ። ወደ ኋላ የሚወስደው መንገድ ሁሉ ወደዚያ ወጥ ቤት ወለል የሚያደርስ መስሎ ታየውና ፊቱን ወደ ካባው አዙሮ እያለቀሰ ሮጠ።

ጥይት አልሮጠም። እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ፊቱ ደርቋል፣ አንድ ጠብታ ላብ የለበትም፤ እንደ በርበሬ ቀልቷል። "ቀይሩኝ" ይላል ለማይታይ ሰው፣ "አሰልጣኝ፣ በቃኝ፣ ቀይሩኝ።" ካባው አፋፍ ላይ ተዘረረ።

ዔሊ የቀረውን በእርምጃ ሄደ። ቢላዋውን ከጨርቁ አወጣ። ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከና ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሳበው። ሙቀቱ ፊቱን ገረፈው። ሸሚዙ ነጭ ነበር፤ አሁን ከሆዱ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። የእሷ ነው። ስለቱን የሰውዬው ማንቁርት ላይ አስቀመጠው።

"ሞተች እንዴ?" አለ ጥይት። ነፍሱ ትንሽ ተመለሰች መሰለ።

"አላውቅም።"

"አታውቅም?" በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ። "እህትህን ጥለህ ነዋ እኔን ስትከተል የዋልከው።"

ዔሊ በቢላዋው እጀታ አፉን አለው። ደገመው። ደሙ ግንባሩ ድረስ ተረጨ። ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሲል የጃኬቱ ኪስ ጮኸ።

ስልክ ነው። የዔሊ የራሱ ስልክ ቄራ፣ ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ ነው ያለው። በግራ እጁ ከኪሱ ጎተተው። መስታወቱ ላይ "እናቴ" ይላል። ቁጥሩን ያውቀዋል። የጥይት እናት አይደለችም፣ የዔሊ እናት ናት፤ ጥይት አማቱን በዚህ ስም ነው የመዘገባት። ወንድ ልጇ የት እንደሚገኝ አስባ አስባ፣ የሴት ልጇ ገዳይ ይሁን አይሁን የማይታወቀው ሰው ስልክ ላይ ደወለች።

ጥይትም ጽሑፉን አየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አንሳው" አለ። "ካለቀላት... ጨርሰኝ። አልለምንህም።"

ስልኩ ይጮሃል። ዔሊ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈና ቀኝ እጁን አየው። ቀጥ ብሏል፣ ሥራውን ያውቃል። እናቱ አንዴ ብታለቅስ ይህ እጅ እሱን ሳይጠይቅ ያርዳል። እናቱ በስልኩ ውስጥ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

ከሰውዬው ደረት ላይ ተነሳ። አፋፉ ድረስ ሄዶ ቢላዋውን በሙሉ ክንዱ ወደ ካባው ወረወረው። ከታች ካቆረው ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰማ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን ወደ ጆሮው ያስጠጋው።

"አቤት እማዬ" አለ።