ሳይጻፍ «ደርሷል»

ታናሽ ወንድሜ ብልህ ነው፤ ካላመናችሁ ራሱን ጠይቁት። እኔ ስልክ በማነሳበት የኦክስጅን መሙያ ድርጅት፣ ቤታቸው የተኙ ሕሙማን ሲሊንደር የሚያዙበትን የመልእክት መቀበያ የሠራው እሱ ነው። ደንበኛው ልኮ ዓይኑን ሳያርገበግብ «ደርሷል» የሚል መልስ ይመጣለታል።

«የት ነው የሚደርሰው?» አልኩት አንድ ጠዋት።

«መጀመሪያ ኮምፒውተሩ በአእምሮው ይይዘዋል፤ የተጠራቀመው በየደቂቃው ዲስክ ላይ ይጻፋል።»

«በመሃል መብራት ቢጠፋስ?»

«ያልተጻፈው ይጠፋል። ለዚህ እኮ ነው ሦስት ኮምፒውተር ያደረግኩት፣ እትዬ! አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ያስታውሳሉ።» ደረቱን ነፍቶ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ፤ እግሩን ዘረጋ። ሦስቱም ድርግም አሉ።

ለካ የኔ ጉድ ሦስቱንም የሰካቸው ጠረጴዛው ሥር ባለች አንዲት የመብራት ማከፋፈያ ላይ ኖሯል! በእግሩ ነቀላት።

መልሶ ሲያስነሳቸው እኔ ገና እየሳቅኩ ነበር። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ዲስክ ላይ የነበረው ደህና ነው። የመጨረሻዋ ደቂቃ ግን የለችም። ሰዎቹ ደግሞ ‹ደርሷል› ስለተባሉ ድጋሚ አይልኩም።»

ማን እንደላከ በምን እንወቅ? ለስልሳ ሦስቱም ደንበኞች በተራ መደወል ጀመርኩ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ከአርባ በላይ ከደወልኩ በኋላ አንዲት እናት አነሱ።

«እማማ፣ ዛሬ መልእክት ልከው ነበር?»

«አዎ ልጄ፣ ለባለቤቴ። ደርሷል ስላላችሁኝ መጠባበቂያዬን ለጎረቤት አበደርኩት። አሁን የተገጠመለት እስከ ምሳ ቢያደርሰው ነው።»

ለቀሩት እንዲደውል ዝርዝሩን ሥራ አስኪያጁን አስታቅፌ፣ ሙሉ ሲሊንደር ይዞ የወጣውን ወንድሜን ተከትዬ ሮጥኩ። ወንድሜ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። አዛውንቱ ትንፋሽ አጥሯቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የመለኪያው ቀስት ዜሮ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወንድሜ አዲሱን ገጠመላቸው። ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ እኔም ተነፈስኩ።

እማማ ወንድሜን ትክ ብለው አዩት። «ያ ቶሎ የሚመልስልኝ አንተ ነህ? ተባረክ። ‹ደርሷል› ካልከኝ እኮ እኔም እንቅልፌን እተኛለሁ።»

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ባዶውን ሲሊንደር አነሳ። ያን ቀን አብዝቼ ወደድኩት፤ አልነገርኩትም፣ ይወጠራል።

ከሰዓት ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ማከፋፈያ አደረገ፤ መልሱም መልእክቱ ዲስክ ላይ ተጽፎ ካላለቀ እንዳይወጣ አደረገ።

«ምነው መልሱ ዘገየሳ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይዘግይ፤ ሰው አምኖት ይተኛል» አለ ወንድሜ።