ነክሳ ያጸደቀችው

"ንቀይው አልኩሽ እኮ! ምን ይዞሽ ነው?"

ፈንታነሽ ይህን ስትል አፏ ውስጥ ትንሿ መስታወትና ሁለት የጥጥ ጥቅልል ስለነበሩ፣ የጥርስ ሐኪሟ እየሩስ የሰማችው "እኮ" የምትለዋን ብቻ ነው። መስታወቱንም ጥጡንም አወጣችላት። ፈንታነሽ ደገመችው፤ አሁን ግን ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙ።

"ሁለቱን የፊት ጥርሶች ንቀይና የወርቁን ትከዪልኝ። ነገ ቅዳሜ ነው። ገበያ አለብኝ።" ከጉያዋ ትንሽ መሐረብ አወጣችና ቋጠሮውን ፈታች። ውስጡ የወርቅ ቀለበት ነበር። "ወርቁም ይኸው።"

ቀለበቱ ጥግ ላይ የተቀመጠችው የልጇ የጽጌ ነው። ጽጌ ስድስት ዓመት ኩዌት ሠርታ ባለፈው ክረምት ተመለሰችና እዚሁ ደብረ ታቦር የልብስ ስፌት ቤት ከፈተች። ቀለበቱን ለእናቷ የሰጠቻት ወዳ ነው፤ ይህን ያህል ጮክ ተብሎ እንዲነገር ግን አልፈለገችም።

"እማዬ፣ ቀስ በይ። ሐኪሟ ትጨርስ።"

"ምኑን ነው የምትጨርሰው? ጥርሱ እንደሆነ በራሱ ጊዜ ሊወጣ ነው።"

ፈንታነሽ ያለ ምክንያት አልቸኮለችም። በደብረ ታቦር እህል ተራ ሃያ ሦስት ዓመት ገብስ ነግዳለች፤ እንጀራዋም ስሟም ያለው በእነዚህ ሁለት ጥርሶች ላይ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ገብስ ጭኖ የመጣ ገበሬ ጆንያውን ሲፈታ እጇን እስከ ክንዷ ሰድዳ ከመሀሉ ጥቂት ፍሬ ታወጣለች፣ አንዷን በፊት ጥርሷ ትይዛለች፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ትነክሳለች። የደረቀ ገብስ "ቀጭ" ይላል። ያልደረቀው ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይጨፈለቃል። ከባሕር ዳር መኪና ይዘው የሚመጡት ገዢዎች ሳይቀሩ "ፈንታነሽ ነክሳ ያጸደቀችው ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አለ ይባላል። እህል ተራ ግን እስካሁን አልደረሰም፤ ቢደርስም ፈንታነሽ መጀመሪያ የምታደርገው መሳቅ ነው።

ከመስከረም ወዲህ ግን ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀመሩ። ስትነክስ ጥርሱ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሽና የገብሱን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል። ታኅሣሥ ላይ አሥራ ሁለት ኩንታል እርጥብ ገብስ "ደረቅ ነው" ብላ አስገባች፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መጋዘኗ ሻጋታ ሸተተ። ከፊት ለፊቷ የምትነግደው ማሬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከፈንታነሽ ቀጥሎ ስትጠራ የኖረችው ማሬ፣ ወሬውን ስትሰማ "ከእንግዲህ ፈንታነሽን የሚያዋጣት ገንፎ ነው!" ብላ የሳቀችው ሳቅ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ፈንታነሽ የገብሱን መበላሸት ችላዋለች። የገንፎዋን ነገር ግን እስካሁን አልቻለችውም።

ጥፋቱ የገብሱ መሆኑን አልተጠራጠረችም። ሃያ ሦስት ዓመት ሲነከስ ኖሮ ጥርሷን ጨረሰው። ወርቅ ደግሞ አያልቅም።

እየሩስ በሁለት ጣቷ ጥርሶቹን ከፊቶቹ እስከ መንጋጋዎቹ አንድ በአንድ ነካቻቸው።

"ድድዎን የተነቀሱት መቼ ነው?"

"ገና ልጅ እያለሁ፣ ለሰርጌ። ምነው፣ አያምርም?"

"ያምራል። ግን ጥቁረቱ ቅላቱን ደብቆታል። ድድዎ አብጧል።" ጓንቷን አወለቀች። "ጥርሶቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፣ አላለቁም። የላሉት ደግሞ ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ የታችኞቹም፣ መንጋጋዎቹም ላልተዋል። ገብስ በመንጋጋዎ ይነክሳሉ?"

"ምን ሲደረግ! በመንጋጋ ያኝኩበታል እንጂ እህል ይመረምሩበታል?"

"እንግዲያው ጥፋቱ የገብሱ አይደለም።"

ፈንታነሽ በምላሷ መንጋጋዎቿን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

ጊዜው ጥር ነው፤ የጉና ንፋስ የክሊኒኩን መስኮት እያንኳኳ ነው። እየሩስ ከነጭ ጋወኗ ሥር ሹራብ ደርባለች፣ ጽጌ በጋቢ ተጀቡናለች። ፈንታነሽ ግን ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላለች፤ ግንባሯም በላብ ርሷል። እየሩስ ይህን ካየች ቆይታለች።

"አይበርድዎትም?"

"እኔን? ዘንድሮ ብርድ የሚሉት ነገር አላውቅም።"

"ምግብስ ይበላሉ?"

ጽጌ ቀድማ መለሰች። "የሁለት ሰው ነው የምትበላው! ቀሚሷን ግን ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ።"

"ልጄ ከሰው አገር በሰላም ስትገባልኝ ደስታ ነው ያቀጠነኝ" አለች ፈንታነሽ።

"ደስታ ያወፍራል እንጂ ያቀጥናል እንዴ?" አለች እየሩስ እየሳቀች። "እስቲ እጅዎን ይዘርጉልኝ።"

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አነሣችና በተዘረጉት ጣቶች ላይ አኖረችው። ወረቀቱ ንፋስ እንዳገኘው ቅጠል ይርገበገብ ጀመር። ፈንታነሽ ለማቆም ጣቶቿን አጠነከረች፤ ወረቀቱ ባሰበት። ከዚያ እየሩስ የእጇን የደም ሥር ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

"መቶ ሃያ ስምንት። የአንድ ደቂቃ ነው።"

"በእግሬ መጥቼ ነዋ።"

"ከመጡ አንድ ሰዓት ሆነዎት፣ እናቴ።"

እየሩስ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥታ ዋጥ እንድታደርግ ነገረቻትና አንገቷን ትክ ብላ አየች። በፈንታነሽ አንገት ዙሪያ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። ከንቅሳቱ ሥር የእንቁላል ያህል እብጠት ውኃውን ስትውጥ ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰ።

"ኧረ በማርያም! ጥርስ አሳያለሁ ብዬ መጥቼ አንገቴን ምን ልታደርጊው ነው? ጫማ ሊያስጠግን የሄደን ሰው ቆቡን ይመረምሩታል?"

"ይህ እብጠት መቼ ወጣ?"

"እብጠት አትበይው። ይህ የእናቴ አንገት ነው። እኛ ቤት አንገት እንዲህ ነው።"

"እንቅርት ነው።"

"እሱማ እንቅርት ነው፣ ማን ጠፋው! በእሱ ታሞ የተኛ ግን የለም።"

እየሩስ ትንሿን ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትናገረውን መርጣ ትናገራለች።

"እዚህ ቦታ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ሰውነት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚያዘው እሱ ነው። የእርስዎ ከልክ በላይ እየሠራ ይመስለኛል፤ በደም ምርመራ ይረጋገጣል። እንዲህ ሲሆን ልብ ይሮጣል፣ ገላ ይሞቃል፣ ሰው እየበላ ይከሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። አጥንትም ይሳሳል። ጥርስ የተተከለው ደግሞ አጥንት ላይ ነው። አጥር ሲነቃነቅ አንዳንዴ ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም፣ የአፈሩ ነው። የታመመው ድድዎም አግዞታል።"

ፈንታነሽ ሳታስበው እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ልቧ እንዲህ የሚደልቀው በሻገተው ገብስ ንዴት ይመስላት ነበር። ፈራች። ስትፈራ ደግሞ የምታውቀው አንድ ነገር ቁጣ ነው።

"እሺ፣ አንገቱን በኋላ እናየዋለን። ዛሬ ጥርሱን ንቀይልኝ። ካልሆነ አንበሳሜ ከተማ ውስጥ ስማቸው የሚባል ጥርስ ነቃይ አለ። መርፌ አያውቅ፣ አንገት አይጠይቅ።"

"ዛሬ ብነቅልልዎ ለእኔም ገበያ ነበር" አለች እየሩስ። "ግን ልብዎ ያለ መርፌ እንኳ እየሮጠ ነው። ማደንዘዣው ውስጥ ደግሞ ልብን ይበልጥ የሚያስሮጥ መድኃኒት አለ። ስማቸው ያለ መርፌ ቢነቅልዎትም ሕመሙና ድንጋጤው ያንኑ ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ የተነቀለለት ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።"

"ሞቶ?"

"አዎ።"

ጽጌ ከጥግ ተነሣች። መሐረቡ ላይ ያለውን ቀለበት አንሥታ ጣቷ ላይ አጠለቀችው።

"ቀለበቴን ወስጃለሁ። አሁን ወርቅም የለ፣ ነቀላም የለ። ተነሽ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"የሰጠሽኝን ትቀሚኛለሽ?"

"እቀማለሁ! ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ የኖርኩት አንቺን ላገኝ ነው እንጂ ጥርስሽን ላገኝ ነው?" ፈንታነሽ ልጇን አየቻትና ነጠላዋን ከወንበሩ አነሣች።

ሆስፒታል ያገኙት ሐኪም፣ ዳኛቸው የሚባል ለዘብተኛ ሰው፣ እየሩስ ጽፋ የላከችውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበና "ጥርስ ሐኪሟ ጎበዝ ናት" አለ። ደም ተቀዳ፤ ወደ ባሕር ዳር ይላካል፣ ውጤቱ ማክሰኞ ይደርሳል። እስከዚያ የልቧን ሩጫ የሚያበርድ ክኒን ሰጣት። በሽታው የጠረጠሩት ከሆነ መድኃኒት አለው አለ። ዕጢው አደብ ከገዛና እየሩስ ድዱን ካከመችው፣ ሁሉም እንኳ ባይሆኑ ብዙዎቹ ጥርሶች ተመልሰው ሊጠነክሩ ይችላሉ።

ፈንታነሽ ፊቷ በራ። "ሳይነቀሉ?"

"ሳይነቀሉ። እስከዚያ ግን በፊት ጥርስዎ ጠንካራ ነገር እንዳይነክሱ።"

"ገብስም?"

"ገብስም፣ ቆሎም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ።"

ፋሲካ ሦስት ወር ቀርቶታል። የገብስ ገበያ የሚደራውም በዚሁ በሦስቱ ወር ነው። ፈንታነሽ እስከ ቤቷ ድረስ የሚያመልጧትን ቅዳሜዎች በጣቷ እየቆጠረች ሄደች።

በማግስቱ ግን እንደ ወትሮዋ ማልዳ እህል ተራ ተገኘች። መላ አዘጋጅታለች፦ ፍሬዋን አፏ ውስጥ ትከታለች፣ የነከሰች ትመስላለች፣ በመልኩና በጠረኑ ገምታ ትናገራለች። ማን ያውቃል?

የመጀመሪያው ሰው ጋሼ አለሙ ነበሩ። ከጉና ሥር በሁለት አህያ አራት ጆንያ ገብስ ጭነው፣ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው መጡ። ከእሷ በቀር ለማንም ሸጠው አያውቁም።

"እንዴት አደርሽ፣ ፈንታነሽ። እስቲ እይልኝ። ያንቺን ቃል ሰምቼ ነው የምሸጠው።"

እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች። ከመሀል ጥቂት ፍሬ አወጣች። ክኒኑ ይሁን ሌላ፣ እጇ ከትናንቱ ቀንሶ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከፊት ለፊት ማሬ ዱካ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሁለት ገዢዎችም ቆመዋል። ፈንታነሽ አንዷን ፍሬ ወደ አፏ አስጠጋችና ሽማግሌውን አየቻቸው። ሳይጠራጠሩ፣ አፏን አፏን እያዩ ይጠብቃሉ። ያ አሥራ ሁለት ኩንታል የተበላሸው በስሕተት ነበር። ዛሬ ብትዋሻቸው ግን ስሕተት አይባልም።

ፍሬዋን ከከንፈሯ መለሰች።

"ማሬ!"

"አቤት?"

"ነይ እስቲ፣ ይቺን ንከሺልኝ።"

ማሬ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሌላ ማሬ ፈለገች።

"እኔን ነው?"

"አንቺን ነው። የኔ ጥርስ ታሟል፤ ያሳመመው ደግሞ ይኸው አንገቴ ነው። ሐኪም እስከ ፋሲካ አትንከሺ ብሎኛል። በይ፣ ገንፎውን በኋላ ታወሪያለሽ፣ አሁን ነይ።"

ማሬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ፍሬዋን ተቀብላ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ስታይ እንደኖረችው ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገችና ነከሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

"ደረቅ ነው!"

"አይደለም" አለች ፈንታነሽ።

"እንዴ! የነከስኩት እኔ!"

"የሰማሁት እኔ። ሌላ ንከሺ።"

ማሬ ተናድዳ ሌላ ፍሬ ነከሰች። ፈንታነሽ ጆሮዋን ወደ ማሬ ጉንጭ አስጠግታ ዐይኗን ጨፈነች። ገብሱ ድምፅ አለው፣ ግን ጫፉ ላይ ይለዝባል። ልክ ጥርሶቿ መነቃነቅ ከመጀመራቸው በፊት ትሰማው እንደነበረው ጥርት ብሎ ተሰማት። ለካ ሃያ ሦስት ዓመት ስትሠራበት የኖረችው በጥርሷ ብቻ አልነበረም። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ይህኛው ዝላይ ክኒን አያሻውም።

"ጋሼ አለሙ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል። ዛሬ ከሸጡት ይሻግታል። እኔው ግቢ አስጡት፣ ሰኞ እገዛዎታለሁ።"

ማሬ ሦስተኛ ፍሬ ነከሰችና አሁን እሷም አዳመጠች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"እውነቷን ነው" አለች በመጨረሻ፣ ቅር እያላት።

ጋሼ አለሙ ራሳቸውን ነቅንቀው አህዮቻቸውን ወደ ፈንታነሽ ግቢ ነዱ። ሌላ ገበሬ ጆንያውን እየጎተተ ሲጠጋ ማሬ ወደ ቦታዋ ለመመለስ ፊቷን አዞረች። ፈንታነሽ የነጠላዋን ጫፍ ያዘቻት።

"ወዴት ነው? ዱካሽን ወደዚህ አምጪው። እስከ ፋሲካ ጥርሱ ያንቺ ነው፣ ጆሮው የኔ።"