በአዲስ ካርቶን

«ይህ ልጅ ዛሬስ ክፍል ይገባ ይሆን?»

እማማ ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ ይህን በልባቸው ያመላልሱታል፤ መልሱን ግን ከየት ያምጡት? የልጅ ልጃቸው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሚስቱም እዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይለብሳል፣ ጫማውን ያስራል፣ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቀን በዚያው ይቀራል።

ጠረጴዛው ላይ የሚስቱ ካርዶች አሉ። ክሎዝ የሚባለውን የዓረፍተ ነገር ክፍል የምታስተምረው በእነሱ ነበር። ከካርቶን ትቆርጥና ራሱን ችሎ የሚቆመውን በሰማያዊ፣ ጥገኛውን በቀይ ጽፋ ለተማሪዎቿ ታድላለች፤ ቀይ የደረሰው ልጅ ሰማያዊውን ፍለጋ ክፍሉን ያተራምሰዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ የምትለማመደው በእማማ ነበር።

«እማማ፣ እርስዎስ ጥገኛ ነዎት ወይስ ራስዎን የቻሉ?»

«እኔማ ራሴን የቻልኩ ነኝ፤ ጥገኛው ጉልበቴ ነው!»

እሷ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

አሁን ርዕሰ መምህሩ መልእክት ልከዋል። ፈተና ደርሷል፣ ልጆቹ የስም ክሎዙን ከቅጽል ክሎዙ አይለዩም። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ክፍል ገብተው ሲያስተምር ያያሉ፤ ከቀረ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ሥራ ካጣ ልጁ ከዚያ ወንበር እንደማይነሳ የእማማ ሆድ ነግሯቸዋል።

«ካርዶቹን ይዘህ ሂድ እንጂ የኔ ጌታ» ቢሉት፣

«ይበላሹብኛል እማዬ፣ ተያቸው» አለ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መላ አላጣችም።

«ፊቱ ተዘርግተው እንዴት ይርሳ? ያንሱለት!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል። ያለ እነሱ በምን ያስተምር?»

«አዲስ ይሥሩለታ! ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ እያሉ መከራችንን ሲያሳዩን አልነበር እንዴ?»

ነገሩ ልባቸው ገባ። እሑድ እሱ ወደ መቃብሯ ሲሄድ እማማ መነጽራቸውን አጥልቀው ቁጭ አሉ። የጫማ ካርቶን ቆረጡ። ትርጉሙ ሁሉ ባይገባቸውም የካርዶቹን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ ገለበጡት፤ ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ። አንዳንዱ ፊደል ወደ ጎን ያጋድላል፤ ቢሆንም አንድ ቃል አልጎደለም። አሮጌዎቹን፣ ጠርዛቸው የተላላጠውን፣ በፌስታል ቋጥረው ለቆሻሻ መኪናው ሰጡ። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ሲታጠፍ ትከሻቸው ቀለል አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እማማ ከበሩ ሥር ቆመው ያያሉ። አንዱን ካርድ አነሳ። ገለበጠው። ሌላውን አነሳ።

«እማዬ፣ የሷ የታሉ?»

«ያው እኮ ነው የኔ ጌታ! አዲስ ሠራሁልህ። ቁጠረው፣ አንድ ቃል አልጎደለም።»

«የሷ የታሉ?»

«አርጅተው ነበር... አንተም ይበላሹብኛል ስትለኝ... ለመኪናው ሰጠኋቸው።»

ጣቱን ባጋደለው ፊደል ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። ከዚያ ካርዱን መልሶ አስቀመጠው፣ እንደማያውቀው ሰው ዕቃ። እማማ ያኔ ገባቸው። ክሎዙንማ እሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ያስተማረው ነው። ካርዶቹ ላይ አጎንብሶ ሲያይ ይውል የነበረው የእጅ ጽሑፏን ኖሯል። በዚህ ቤት ደግሞ ሌላ የእጇ ጽሑፍ የለም።

«ስደበኝ እንጂ ልጄ! ዝም አትበለኝ! ከድልድዩ ማዶ ነው የሚደፉት፣ እኔው ሄጄ እለቅማለሁ። አንተ ብቻ ትምህርት ቤት ሂድ፣ ዛሬን ብቻ፣ በሞቴ!»

ልጁ ተነሳ። የክፍል ጫማውን ፈታ፣ አወለቀ። ከአልጋው ሥር የዝናብ ቦት ጫማውን ጎትቶ አጠለቀ። ቦርሳው ወንበሩ ላይ ነበር፤ አላነሳውም። በእማማ አጠገብ ሲያልፍ እንዳይገፋቸው ትከሻውን ሰብሰብ አደረገና፣ ወጥቶ ወደ ድልድዩ አቀና።