ማህደሩ ባዶ አይደለም

ታላቅ እህቷ ከላቦራቶሪው ደውላ፣ «የሦስት ወር የምርመራ ውጤት ጠፍቷል። አንቺ ነሽ ያጠፋሽው ተብዬ ከሥራ ልባረር ነው» ስትላት፣ ፕሮግራመሯ ክው አለች። ትናንት «ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ» ተብላ ሄዳ የነካካችው እሷ ናት።

አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ትእዛዝ አለች፤ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ቆንጥራ ፈጣን ዲስክ ትሠራና በጠቆሟት የፋይል ማህደር ላይ ትጭነዋለች። ማህደሩ ባዶ መሆን አለበት። ሙሉ ከሆነ የነበረው ሁሉ ከሥር ይደበቃል፣ ትእዛዟም ትንፍሽ አትልም። ፕሮግራመሯ ትናንት በችኮላ የጠቆመችው የውጤቶቹን ማህደር ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው «ኧረ ታስጠንቅቅ!» ብሎ ማሻሻያ ልኮ ነበር። «የሚጽፈውን የማያውቅ አይጻፍ» ብላ የመለሰችበት ደግሞ ትእዛዟን ከሚጠብቁና ከሚያሻሽሉ ፕሮግራመሮች አንዷ የሆነችው ይህችው ፕሮግራመር ናት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይሄ ነው።

እየሮጠች ስትደርስ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገዋል።

«አጥፍተን እናብራው» አሉ።

«በፈጠረዎት እንዳይነኩት!»

ጠዋት የተመረመሩ የአርባ አንድ ሰዎች ውጤት የተጻፈው ሜሞሪው ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ እሱም እልም ይላል። መጀመሪያ እሱን ወደ ሌላ ቦታ ገለበጠች። ከዚያ የጫነችውን ዲስክ አነሳች። የሦስት ወሩ ፋይል አንድም ሳይጎድል ብቅ አለ።

ኃላፊው እፎይ አሉ። «በቃ፣ ማሽን ነው፣ ያጋጥማል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እንዴት ያለ ምቹ ዝምታ!

«ማሽኑ አይደለም። እሷም አይደለችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች ፕሮግራመሯ።

እህቷ አፈጠጠችባት። «ልጅ ሆነን ብርጭቆ የምትሰብሪው አንቺ፣ የምገረፈው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ምን ነካሽ?»

ኃላፊው አንገታቸውን ደፍተው እህቷን ይቅርታ ጠየቁ፤ ነገም በሰዓቷ እንድትገባ ነገሯት። ፕሮግራመሯ እዚያው ጥግ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ያን የናቀችውን ማሻሻያ ፈልጋ አወጣችው። አስተካከለችው፤ ሞከረችው። ትእዛዟ ሙሉ ማህደር ሲሰጧት «ባዶ አይደለም፣ አልጭንም» ብላ እምቢ አለች። ደስ የምትል እምቢተኛ!

ለውጡን ስትልክ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ ነው። እህቷ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ ስታይ ጻፈች፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ያቀረበው ሰው ልክ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ስህተቱን ሠርቼ የተገኘሁት እኔው ነኝ። የተወቀሰችው ግን ምንም ያላጠፋችው እህቴ ናት።»

«ይሄን ሌላም ሰው ያየዋል?» አለች እህቷ።

«የፈለገ ሁሉ ያየዋል፣ እትዬ። አይፋቅም።»

እህቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት።